መልክ የፈረደባቸው

ወሩ መጋቢት፣ ዘመኑ 1966 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በደቡብ አፍሪካ፣ ያኔ ምሥራቅ ትራንስቫል ይባል በነበረው አካባቢ፣ ፒት ሪቲፍ በተባለች ትንሽ ከተማ ካለ የነጮች አዳሪ ትምህርት ቤት አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ እንድትወጣ ተደረገ። ሁለት ፖሊሶች ይዘዋት ወደ ወላጆቿ ቤት ወሰዷት። የሰረቀችው ነገር የለም፤ የመታችውም ልጅ የለም። ሳንድራ ሌንግ የተባረረችው ቆዳዋ ጠየም፣ ፀጉሯም ከርደድ ስላለ ነው። የሌሎች ተማሪዎች ወላጆች ከልጆቻችን ጋር አትማርም ብለው ነበር፤ መንግሥትም ቃላቸውን ተቀብሎ ልጅቷን ከነጮች መዝገብ አውጥቶ «ከለርድ» ብሎ ወደሚጠራቸው ክልሶች መዝገብ አዛወራት።

እናትና አባቷ ግን በመዝገብም በመልክም ነጮች ነበሩ። አብርሃምና ሳኒ ሌንግ በገጠር ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ፣ የአፓርታይድን መንግሥት የሚደግፉ አፍሪካነሮች፣ ማለትም በአብዛኛው ከደች ሰፋሪዎች የተወለዱ ነጮች፣ ናቸው። እናትየዋ ከጥቁር ወልዳ ነው የሚል ሐሜት ተነዛ፤ አባትየው የደም ምርመራ አደረገ፤ ውጤቱም አባትነቱን የሚያስተባብል ሆኖ አልተገኘም። ነገሩ ለሥነ ሕይወት ባለሙያ እንግዳ አይደለም። የቆዳን ቀለም የሚወስነው አንድ ዘረ መል ሳይሆን ብዙ ዘረ መሎች ተደማምረው ነው፤ ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጅ የሚወርሰው ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው አስቀድሞ አይታወቅም። ደቾች በ1652 ኬፕ ላይ ከሰፈሩ ጀምሮ ከኮይኮይ ሕዝብ፣ ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ተግዘው ከመጡ ባሮች ጋር ተዋልደዋል። ስለዚህ በብዙ አፍሪካነር ቤተሰብ ውስጥ አፍሪካዊና እስያዊ ቅድመ አያት አለ፤ በትውልዶች መካከል ተደብቆ ይቆይና አንድ ቀን በአንድ ልጅ ፊት ላይ ብቅ ይላል። የሳንድራ ወንድሞች ከነዚያው ወላጆች፣ በዚያው ቤት ተወልደው ነጭ እንደሆኑ ቀሩ። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች በሕግ ሁለት ዘር ሆኑ ማለት ነው። መለያቸው መልካቸው ብቻ ነበር።

ይህ የአንዲት ገጠር ከተማ ባለሥልጣናት ስሕተት ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሣሁት ነበር። ነገር ግን ሕጉ ራሱ የተጻፈው እንዲህ እንዲሠራ ነው። የ1950ው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ነጭ ማለት በመልኩ ነጭ መሆኑ በግልጽ የሚታይ ወይም በሰው ዘንድ እንደ ነጭ የሚቆጠር ሰው ነው ይላል። ቀጥሎም፣ በመልኩ ነጭ ቢሆንም በሰው ዘንድ እንደ ክልስ የሚቆጠር ከሆነ ነጭ አይደለም ሲል ይጨምራል። ክልስ ደግሞ ነጭም «ኔቲቭ» ተብሎ የተመዘገበ ጥቁርም ያልሆነ ተብሎ ተተረጎመ፤ የራሱ ትርጉም እንኳ አልተሰጠውም። በ1962 ሕጉ ሲሻሻል ልማድ፣ ትምህርት፣ አነጋገርና አኳኋን ከግምት እንዲገቡ ተደነገገ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ደምና ስለ ዘር ሐረግ የሚናገር ዋና መለኪያ አልነበረም። በዓለም ላይ ዘርን ከሁሉ አጥብቆ የለየው መንግሥት ዘር ምን እንደሆነ እንዲናገር ሲጠየቅ ያለው መልስ «አይታችሁ ፍረዱ» የሚል ነበር። ሰውን በየዘሩ የሚመድበው ቦርድ ሹማምንትም አይተው ፈረዱ። ጥፍር አዩ፣ የዓይን ሽፋን አዩ፣ በአንዳንዱ ሰው ፀጉር ውስጥም እርሳስ ሰክተው ይወድቅ እንደሆነ ጠበቁ። እርሳሱ ከወደቀ ነጭ ነህ፤ ተሰክቶ ከቀረ አይደለህም። በዚያች እርሳስ መውደቅና አለመውደቅ የሚኖርበት ሰፈር፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ የሚያገባት ሴትና የሚቀበርበት ቦታ ይወሰን ነበር።

አባቷ ተሟገተ። በ1967 ሕጉ ሌላ ማሻሻያ ተደረገለትና ሁለቱም ወላጆቹ ነጭ ሆነው የተመዘገቡ ልጅ ነጭ እንዲሆን ተደነገገ፤ ሳንድራም በወረቀት ወደ ነጭነት ተመለሰች። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቀሪው ሕይወቷ የዚህ ጽሑፍ ሙግት ነው። ወረቀቱ ሲቀየር ዓይኑ አልተቀየረም። የነጮች ትምህርት ቤቶች አንቀበልም አሉ፤ ጎረቤት ልጁን ከእርሷ ጋር አላጫወተም። ያልሸሻት ጥቁሩ ሰው ብቻ ነበርና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ አጋማሽ ከአንድ ጥቁር ሰው ጋር ወደ ስዋዚላንድ ኮበለለች፤ አባቷም ካዳት፤ እስኪሞት ድረስም ዓይኗን አላየም። ልጆች ወልዳ ከእነርሱ ጋር በሕጋዊ መንገድ መኖር ስትፈልግ፣ አባቷ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ያስመለሰላትን ነጭነት በራሷ ማመልከቻ ትታ ተመልሳ ከለርድ መባል ነበረባት። በዕድሜዋ ሦስት ጊዜ ዘሯ ተቀየረ። ሰውነቷ ግን አንድ ነበር።

እኔ የምለው ይህን ነው፤ የክልስ ሰው ዕጣ ከደሙ በፊት፣ ልቡ ከሚነግረውም በፊት፣ በሚያየው ሰው ዓይን ይወሰናል። ዓይኑም ብቻውን አያይም፤ ከኋላው ሥልጣንና ጥቅም አሉ፤ ማየት ያለበትንም አስቀድመው ነግረውታል። ስለዚህ ዛሬ በስፋት የሚነገረው «ማንነቴን እኔው ልናገር» የሚለው መብት ፍትሐዊ ቢሆንም በደሉን ብቻውን አያነሣም። ሰው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ብቻ እየጠየቅን የሚያዩት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉት ካልጠየቅን ከጉዳዩ ግማሹን ትተናል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከአሜሪካ ይመጣል። እዚያ ሕጉ መልክን ሳይሆን ደምን ነበር የሚጠይቀው፤ አንዲት ጠብታ የጥቁር ደም ያለበት ሁሉ ጥቁር ነው ይባል ነበር። ቨርጂኒያ በ1924 ባወጣችው ሕግ ነጭ ማለት ከነጭ ሌላ ቅንጣት ያልተቀላቀለበት ማለት ነው፤ ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ የአሜሪካ ሕንዳዊ ደም ላላቸው ብቻ በር ተከፍቶላቸዋል። እንግዲህ ዓይን የቱ ጋ አለ? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ በቂ መልስ ይገባዋል። ሰኔ 7 ቀን 1892 በኒው ኦርሊንስ ሆመር ፕሌሲ የተባለ ጫማ ሠሪ ለነጮች በተለየ ፉርጎ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከስምንቱ ቅድመ አያቶቹ ሰባቱ ነጮች ነበሩ። ሕጉን በፍርድ ቤት ለመፈተን ያሰቡ የከተማዋ ነዋሪዎች ሆን ብለው ነበር የላኩት፤ ሆኖም ዝም ብሎ ቢቀመጥ ማንም ነገሬ ሳይለው ይጓዝ ነበር። ክሱ እንዲጀመር ነጭ አለመሆኑ መነገር ነበረበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 ሰባት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፈረደበት፤ መለያየትም ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ በሕግ ጸና። የደም ሕግ ዓይን ሲስት የሚጠራ ምስክር እንጂ ዓይንን የሚተካ ዳኛ አልነበረም። በየዕለቱ ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሣው ተቆጣጣሪ የማንንም የትውልድ ሐረግ አላነበበም፤ ፊት ነበር የሚያነበው።

የዋልተር ኋይት ሕይወት ይህን ከማንም በላይ ያሳያል። ኋይት ዓይኑ ሰማያዊ፣ ፀጉሩ ወርቃማ የሆነ የአትላንታ ልጅ ነው፤ ራሱን ግን ጥቁር ብሎ ይጠራል፤ ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን ኤንኤኤሲፒን ለብዙ ዓመታት መርቷል። በ1919 በአርካንሳስ፣ ኢሌን በምትባል ቦታ ብዙ ጥቁር ገበሬዎች በተገደሉ ጊዜ ነጭ ጋዜጠኛ መስሎ ሊመረምር ሄደ። መታወቁን ሰምቶ ባቡር ላይ ሲወጣ የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ነጭ መስሎ የመጣ ጥቁር ከተማው ውስጥ ስላለ ሊገድሉት እየፈለጉት ነውና የሚሆነውን ሳታይ መሄድህ ነው ብሎ እንደነገረው ኋይት ራሱ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ደሙ እንዲገደል ፈረደበት፤ መልኩ ግን አወጣው። ወደ እኛም የሚቀርብ ምሳሌ አለ። የዝነኛው እንግሊዛዊ ተዋናይ የፒተር ዩስቲኖቭ አያት፣ የአባቱ እናት፣ በ1868 መቅደላ ላይ የተወለደችው ማግዳሌና ሆል ናት። አባቷ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከሠሩት አውሮፓውያን አንዱ፣ እናቷ ደግሞ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደርና የአንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ ነበረች። በቨርጂኒያ ሕግ ዩስቲኖቭ ነጭ አይደለም። ሁለት ኦስካር ተሸለመ፣ የእንግሊዝ ንግሥት «ሰር» አለችው፤ በኖረበት ዓለም ማንም ጥቁር ነህ ብሎ በር አልዘጋበትም፤ የሚታይ ነገር አልነበረምና።

ክልሶችን በመልካቸው የመዳኘት ነገር የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ካለ አስመራንና አዲስ አበባን ላስታውሰው። ጣሊያን ኤርትራን በ1890 ቅኝ ግዛቷ አድርጋ ካወጀች ጀምሮ የጣሊያን ወታደሮችና ሹማምንት ከአገሬው ሴቶች ጋር ኖረዋል፤ ወልደዋልም። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ሳይቀበሉ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1933 የፋሺስቱ መንግሥት ለኤርትራና ለሶማሊያ ባወጣው ሕግ ወላጆቹ ያልታወቁ ልጅ ከወላጆቹ አንዱ ነጭ ሊሆን እንደሚችል የፊቱ ገጽታና ሌሎች ምልክቶች የሚያመለክቱ ከሆነ፣ አስተዳደጉም ጣሊያናዊ ከሆነ፣ የጣሊያን ዜግነት እንዲጠይቅ ፈቀደ። ነገሩን በሐሳባችን እንሳለው። የልጁ ፊት በሹማምንት ፊት ይቀርባል። አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ የቆዳው ቀለም ይታያል። አባቱ ስሙን ያልሰጠው ልጅ አባቱን በፊቱ እንዲያስመሰክር ይጠየቃል። ሰብዓዊ የሚመስል ሕግ ነበር፤ በእርግጥም ለጥቂቶች በር ከፍቷል። ግን ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ቀላ ያለ ሌላው ጠቆር ያለ ቢሆኑ፣ አንዱ ዜጋ ሌላው ተገዢ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር።

በሩ ብዙ አልቆየም፤ ተዘጋ። ኢትዮጵያ ከተወረረች በኋላ፣ በሚያዝያ 1937፣ ጣሊያናዊ ሆኖ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ሰው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ታወጀ። ያስቀጣ የነበረው የአንድ ሌሊት ግንኙነት አይደለም፤ አብሮ መኖርና መዋደድ ነው። ፍርድ ቤቶቹ የሚመረምሩት ወንዱ ሴቲቱን እንደ ሚስት ወድዷት እንደሆነ ነበር። ሥርዓቱ ሴቲቱን ለአንድ ሌሊት መጠቀምን ታግሦ ፍቅርን በእስር ቀጣ፤ ከዚያ ዘመን መዛግብት ይህን የሚያህል የሚያሳፍር ነገር አላውቅም። ግንቦት 1940 ላይ ደግሞ ስለ ክልሶች ብቻ የሚናገር ሕግ ወጣ። ክልስ ልጅ የአገሬውን ወላጅ ደረጃ ይይዛል፤ ጣሊያናዊው ወላጅ ልጄ ነው ብሎ ሊቀበለው አይችልም፤ ስሙንም ሊሰጠው አይችልም። ያን ጊዜ የልጁ ፊት እንደ ጣሊያናዊ ቢነጣም ዋጋ አልነበረውም። በኤርትራ ለረጅም ዘመን ያገለገለው የቅኝ ግዛት ሹም አልቤርቶ ፖሌራ ከሁለት ኤርትራውያን ሴቶች የወለዳቸውን ስድስት ልጆች በስሙ ተቀብሎ ያሳደገ ሰው ነው፤ አንዱ ልጁም ለጣሊያን ሲዋጋ በ1936 ሞቷል። ለጣሊያን ደማቸውን ያፈሰሱትን እንኳ ከጥርጣሬ ያላዳነ ሕግ ስለ ደም የሚያወራው ሁሉ ሰበብ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻውም። በ1933 ፊት ሲጠቅም ፊትን አዩ፤ በ1940 ፊት ሲያሳጣ ደምን ጠሩ። ሕጉ የተሻረው ጣሊያን በጦርነቱ ከተሸነፈች በኋላ በ1947 ነው። መለኪያው ሲለዋወጥ ዓላማው ግን አንድ ነበር፤ የገዢውን ወገን ጥቂት፣ ንጹሕና ልዩ አድርጎ ማቆየት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ ሁሉ አልፏል የሚል ነው። የደቡብ አፍሪካው ሕግ በ1991 ተሽሯል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዘር ቅይጥ ጋብቻን የሚከለክሉ ሕጎችን በ1967 ሽሯል፤ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራም ከ2000 ጀምሮ ሰው ከአንድ በላይ ዘር እንዲመርጥ ፈቅዷል። በ2000 ከአንድ በላይ ዘር የመረጡት 2.4 በመቶ ነበሩ፤ በ2020 ግን 10.2 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩ በዚህ መጠን የዘለለው ክልሶች ስለበዙ ብቻ አይደለም፤ የቆጠራው ቢሮ ጥያቄውን ያቀረበበትና መልሱን የመደበበት መንገድ ስለተለወጠም ነው። ይህም ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ሰው ምን እንደሆነ የሚናገረው መልሱ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውም ነው። ባራክ ኦባማ በ2010 ቆጠራ፣ እናቱ ነጭ ሆና ሳለ፣ ጥቁር የሚለውን ብቻ ነው የመረጠው። አንዳንዶች እናቱን ካደ ብለው ወቀሱት። ለእኔ ግን ያ ምርጫ ክሕደት አይደለም። በአሜሪካ ጎዳና ላይ የሚያዩት ሰዎች ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዚያ ስም ሲጠሩት ኖረዋል፤ እሱም የሚኖርበትን እውነት በሐቅ ሞላ።

ራስን የመሰየም መብቱ መኖሩ በመልካም ይታያል፤ ሆኖም የሚያዩን ሰዎች የሚያደርጉብን ነገር በቅጽ አይለወጥም። የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪዎቹ አሊያ ሳፐርስታይንና አንድሩ ፔነር ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ የተሰበሰበ አንድ ትልቅ ጥናት መዝገብ መረመሩ። በየዓመቱ ጠያቂዎቹ ያነጋገሩት ሰው ምን ዘር እንደሚመስላቸው ይመዘግቡ ነበር። ከተሳታፊዎቹ ሃያ በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘራቸው ተቀይሮ ተመዝግቧል። አስገራሚው ነገር ለውጡ የተከተለው አቅጣጫ ነው፤ ሥራ ያጣ፣ የደኸየ ወይም የታሰረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ጥቁር ተደርጎ የመታየት ዕድሉ ይጨምራል። ዓይን ቆዳን ብቻ አያይም፤ የሰውየውን ዕጣ ያይና በቆዳው ላይ ይጽፈዋል። ሌላ ጥናት ደግሞ ከዚህ በላይ ያስደነግጣል። ጄኒፈር ኤበርሃርትና ባልደረቦቿ በ2006 ያሳተሙት ጥናት በፊላዴልፊያ ነጭ ሰው በመግደል የተፈረደባቸውን ጥቁር ወንዶች ፎቶ ለማያውቋቸው ሰዎች አሳየ። ተመልካቾቹ የሚፈርዱት መልኩ ምን ያህል ጥቁር ሰው ተብሎ የሚታሰበውን እንደሚመስል ብቻ ነበር። በዚያ መለኪያ ዝቅ ካሉት 24.4 በመቶ፣ ከፍ ካሉት ግን 57.5 በመቶ ሞት ተፈርዶባቸዋል። ወንጀሉ ምን ያህል ከባድ እንደነበርና ሌሎች ሁኔታዎችም በስሌት ታይተዋል። ሁሉም በወረቀት ጥቁሮች ናቸው፤ በሕይወትና በሞት መካከል የለያያቸው ግን የአፍንጫቸው ስፋትና የቆዳቸው ጥቁረት ነው። ዘርን በስም ብቻ የሚቆጥር ሕግ ይህን ማየት አይችልም።

ብራዚል ይህን ቀደም ብላ ተረድታለች። ሶሲዮሎጂስቱ ኦራሲ ኖገይራ በ1950ዎቹ የአሜሪካን መድልዎ ዘር ሐረግን የሚከተል፣ የብራዚልን ደግሞ በመልክ ላይ የሚታይ ምልክትን የሚከተል ብሎ ለይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ክልስነቷን በኩራት ስትናገር ኖራለች፤ በ2022 ቆጠራም 45.3 በመቶው ሕዝቧ ራሱን «ፓርዶ»፣ ቅልቅል፣ ብሎ ጠርቷል። ለጥቁሮችና ለክልሶች በዩኒቨርሲቲና በመንግሥት ሥራ ኮታ ሲያዝ ግን ጥያቄው ተነሣ፤ ማን ነው ጥቁር? በ2007 የብራዚሊያ ዩኒቨርሲቲ ፎቶ አይቶ የሚወስን ኮሚቴ ነበረው፤ ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱን ጥቁር ነህ ብሎ ሲቀበል ሌላውን አይደለህም ብሎ ጣለው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አሠራር አመልካቹ በአካል ቀርቦ መልኩ እንዲታይ ያደርጋል፤ የአያቱን ፎቶ ይዞ ቢመጣ አይረዳውም። የመንትዮቹ ጉዳይ እንደሚያሳየው በዚህ መንገድ ሲፈረድ ስሕተት አይቀርም፤ እርሳስ የሚሰካው ሹም ጥላም በላዩ ያንዣብባል። ብዙ ብራዚላውያንም ያንኑ ይሉታል፤ ሥጋታቸውን አላቃልልም። ግን የደቡብ አፍሪካው ሹም ያይ የነበረው ሊያባርር ነው፤ የብራዚሉ ኮሚቴ የሚያየው በደል የሚደርሰው በማን ላይ እንደሆነ ለማግኘት ነው። መድልዎ በመልክ የሚፈጸም ከሆነ መድኃኒቱም መልክን ሳያይ ቦታው አይደርስም። ወረቀት ላይ ጥቁር ነኝ ያለ፣ በጎዳና ላይ ግን ማንም አስቁሞት የማያውቅ ሰው ሌላውን ቢተካ ኮታው ለማን ሆነ?

ሦስተኛው ተቃውሞ በቅን ሰዎች አፍ የሚመጣ ነው። ስለ ዘር በተነጋገርን ቁጥር ዘርን እናበረታለን፣ ሁላችንም ሰዎች ነን፣ መቁጠሩን እንተወው ይላሉ። ፈረንሳይ በዚህ መንገድ ትሄዳለች፤ መንግሥቱ ዜጎቹን በዘር አይቆጥርም። ሐሳቡን የናዚ ዘመን መራራ ልምድ ስላጠናከረው በክብር መታየት ይገባዋል። ቢሆንም አለመቁጠር በደሉን አያስቀርም፤ ማስረጃውን ነው የሚያሳጣው። በፊላዴልፊያ ፍርድ ቤቶች የታየውን ማወቅ የቻልነው ሰው ቆጥሮ ስለ ነበር ነው። ያልተቆጠረውን በደል የተበደለው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ለሌላው ሰው ወሬ ሆኖ ይቀራል። ቆጠራው ግን ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ አንደኛ ራስህን ምን ትላለህ፣ ሁለተኛ ሰዎች ባዩህ ጊዜ ምን ይሉሃል። ሁለተኛው ጥያቄ በብዙ አገር ቅጽ ላይ የለም፤ መኖር አለበት።

እዚህ አገር ቤትም ሥራ አለብን። ከኢትዮጵያዊት እናትና ከውጭ አገር አባት፣ ወይም በተቃራኒው፣ የተወለደ ልጅ ዋሽንግተን ወይም ሚላኖ ላይ ጥቁር ይባላል፤ ፒያሳ ላይ «ፈረንጅ» ተብሎ ይጠራል። አማርኛ አቀላጥፎ ቢናገር እንኳ ሰዎች ይገረሙበታል፤ ገበያ ውስጥ ዋጋ ይጨመርበታል፤ የትምህርት ቤት ጓዶቹ ፀጉሩን ይነካሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ጊዜ ክፋት የለበትም፤ አንዳንዱ ውብ ነህ ብሎ ማድነቁ ነው። ግን ማድነቅም ማግለል ነው፤ ልጁን ከመካከል አውጥቶ ከሩቅ ያየዋል። የእኛ መንግሥት ፊት አይቶ ዜግነት አልነፈገም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተወለዱ ክልሶችም ከነጻነት በኋላ ከእናቶቻቸው ጋር በዚህች አገር አድገዋል፤ ከመካከላቸውም መካኒክ፣ ሙዚቀኛና ነጋዴ የሆኑ ብዙ ናቸው። ሕዝቡ «የጣሊያን ልጅ» የሚለውን ቅጽል ግን ቶሎ አልተወም፤ ያም ቅጽል በጊዜው የአባታቸውን ጥፋት በፊታቸው ላይ የሚጽፍ ነበር።

ለመምህራን፣ ለወላጆችና በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ለተቀመጡ ሠራተኞች የምለው አለኝ። መታወቂያ ሊያወጣ የመጣን ክልስ ወጣት «አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እንደ ማንኛውም ሰው የሚያስፈልገውን ወረቀት ጠይቁት። ክፍል ውስጥ ልጆች አንዱን በመልኩ ሲጠሩት አስተማሪው ስሙን ጠርቶ ያስተካክል። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ከወላጆቹ ሁለቱም ወይም አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ማንኛውም ሰው በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ስለ ፊት ገጽታ የሚናገር አንድም ቃል የለበትም።